ዋጋውን ብራውዘር አይሸከም

አንድ የዌብ ሲስተም ሥራውን በአንድ አክሽን፣ ማለትም አንድን ጥያቄ በሚያስተናግድ አንድ የኮድ ክፍል፣ ጨርሶ አያውቅም። ተጠቃሚው ፎርም ይሞላል፤ አንዱ አክሽን ይቀበለዋል። ቀጥሎ ማረጋገጫ ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ ክፍያ፣ ከዚያ ደረሰኝ። በየመሃሉ ሪኩዌስቱ፣ ማለትም ብራውዘሩ ለሰርቨሩ የሚልከው ጥያቄ፣ ያልቃል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ደግሞ ያለፈውን አያስታውስም። ታዲያ የመጀመሪያው አክሽን ያሰላው ዋጋና ያጣራው ቅናሽ ሁለተኛው አክሽን እስኪነሳ ድረስ የት ይቆያል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን እንዳስተካክል በተጠራሁባቸው ሲስተሞች ውስጥ ደጋግሜ ያገኘሁት ቀዳዳ እዚሁ ላይ ነው። አብዛኛው ሥራዬ በፒኤችፒው የዌብ ፍሬምወርክ በላራቬል ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያ ይመጣሉ። በጃንጎ፣ በኤኤስፒ ዶት ኔት ወይም በሬይልስ ለምትሠሩ ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የምዝገባ ሲስተም ተረከብኩ። ከእኔ በፊት ሌላ ቡድን የሠራው ነው። ኮዱ ንጹሕ ነበር፤ ሲነበብ ደስ ይላል። የምዝገባው አክሽን ኮርሱን ያያል፣ ቅናሽ ያሰላል፣ ከዚያ ወደ ክፍያው አክሽን ሪዳይሬክት ያደርጋል። ሪዳይሬክት ሲያደርግ የተመዝጋቢውን ቁጥር፣ የብሩን መጠንና የስልክ ቁጥሩን እንደ ፓራሜትር አብሮ ይልካል። ለሚያነበው ሰው አንድ ፈንክሽን ሌላውን የጠራ ይመስላል። አንዱ ሦስት ነገር ይሰጣል፣ ሌላው ሦስት ነገር ይቀበላል።

ሪዳይሬክት ግን የፈንክሽን ጥሪ አይደለም። ሰርቨሩ ለብራውዘሩ 302 የሚል መልስና አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል። አዲሱን አድራሻ የሚጠራው ብራውዘሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ዋጋው ከሰርቨሩ ይወጣል፣ በተጠቃሚው እጅ ያልፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ሲመለስ ግን የእኛ ዳታ መሆኑ ቀርቷል። ተጠቃሚው «ዋጋዬ ይህ ነው» ብሎ የነገረን ቃል ሆኗል።

የሙከራውን ሥራ የያዘችው ባልደረባዬ አድራሻው ላይ 4500 የሚለውን 45 አድርጋ ኢንተር መታች። ገጹ 45 ብር ክፈሉ ብሎ ተከፈተ። የተመዝጋቢውን ቁጥር በአንድ ስትጨምረው ደግሞ የሌላ ሰው ስምና ስልክ መጣ።

«ይሄ ነገር ላይቭ ላይ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ላይቭ ላይ ነው።»

«በል ዛሬውኑ ይዘጋ።»

ለመዝጋት ስንቀመጥ መጀመሪያ የመጡትን ሐሳቦች ልንገራችሁ፤ በየቡድኑ የሚነሱት እነዚሁ ናቸውና። አንደኛው «ጌት ትተን በፖስት እንላከው፣ ዋጋውን ሂደን ፊልድ ውስጥ እናስገባው» የሚል ነበር። ጌት ዳታውን አድራሻው ላይ ይልከዋል፤ ፖስት ከአድራሻው ውጭ ይልከዋል። ሂደን ፊልድ፣ ማለትም ገጹ ላይ የማይታይ የፎርም ሳጥን፣ ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከእጅ አያመልጥም። ኤፍ12 ተጭኖ የብራውዘሩን የዴቬሎፐር መሣሪያ ከፍቶ ቁጥሩን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው «ቤዝ64 አድርገን እንላከው» የሚል ነበር። ቤዝ64 ዳታን በሌላ ፊደል መጻፊያ መንገድ ነው እንጂ ቁልፍ የለውም፤ ማንም ፈትቶ፣ ቀይሮ፣ መልሶ ሊጠቀልለው ይችላል። ሦስተኛው ጃቫስክሪፕት ያጣራልን የሚል ነበር። ጃቫስክሪፕቱም የሚሠራው እዚያው ተጠቃሚው ማሽን ላይ ነው።

የዋጋው መቀየር ሁሉም ቶሎ የሚደነግጥበት ነገር ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ስልክ ቁጥሩ ነበር። ሪኩዌስቶቹን የሚቀበለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ፣ ቅንብሩ ሳይነካ በራሱ አሠራር እያንዳንዱን ሪኩዌስት ከነሙሉ አድራሻው አክሰስ ሎግ ላይ ይጽፈዋል። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውም አይቀርለትም። ስለዚህ የተመዝጋቢዎቹ ስልክ በሎግ ፋይሎች ውስጥ ተከማችቷል፤ በብራውዘር ሂስትሪ ውስጥ አለ። ገጹን ኮፒ አድርጎ በቴሌግራም ለጓደኛው የላከ ሰው ቢኖር እዚያም አለ። ይህን ለማግኘት ሀከር መሆን አያስፈልግም።

እንዲህ ዓይነቱ ቀዳዳ የትንንሽ ሲስተሞች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካው ሲቲ ግሩፕ ከ360,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ደንበኞቹ መረጃ ተወስዶበታል። በወቅቱ እንደተዘገበው፣ ሰርጎ ገቦቹ ሎግኢን ካደረጉ በኋላ አድራሻው ላይ ያለውን የሂሳብ ቁጥር እየቀያየሩ ነበር የሚያልፉት። የዌብ ደህንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ ባወጣው የ2021 ዝርዝር ውስጥም የአክሰስ ቁጥጥር ጉድለት ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ቦታ ወጥቷል።

ወደ መፍትሔው ልግባ። የመጀመሪያው ቦታ ሴሽን ነው። ዳታው ሰርቨሩ ዘንድ ይቀመጣል፤ ወደ ብራውዘሩ የምትሄደው በኩኪ (ብራውዘሩ በሚይዛት ትንሽ ማስታወሻ) ውስጥ ያለች የሴሽን መለያ ብቻ ናት። ላራቬል ላይ ደግሞ ከሪዳይሬክት ጋር «ዊዝ» ብላችሁ የምትልኩት ነገር ፍላሽ ይባላል። ሴሽን ውስጥ ይገባል፣ ለቀጣዩ ሪኩዌስት ብቻ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። «ምዝገባዎ ተሳክቷል» ለሚል መልእክት ፍላሽ ግሩም ነው።

ለዋጋና ለትዕዛዝ ቁጥር ግን ፍላሽ አትጠቀሙ። ተጠቃሚው የማረጋገጫ ገጹን አንዴ ሪፍሬሽ ካደረገው ዳታው የለም። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ሪፍሬሽ ማድረግ ነው። ሌላም አለ። ገጹ ላይ በየጥቂት ሰከንዱ ኖቲፊኬሽን የሚጠይቅ ስክሪፕት ካለ፣ «ቀጣዩ ሪኩዌስት» የሚባለው የተጠቃሚው ገጽ ሳይሆን ያ ስክሪፕት ሊሆን ይችላል። ፍላሹን እሱ ይበላዋል። ገጹ ሲከፈት ባዶ ነው። እንዲህ ዓይነት ችግር አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ለመያዝ በጣም ያስቸግራል። «ሪፍላሽ» እና «ኪፕ» የሚባሉ ትእዛዞች አሉ፤ ዕድሜውን በአንድ ሪኩዌስት ያራዝማሉ። እነሱን በየቦታው መለጠፍ ከጀመራችሁ ዳታው ያለቦታው እንደተቀመጠ ምልክት ነው።

ከፍሬምወርክ ወደ ፍሬምወርክ የምትዘዋወሩ ከሆነ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኤኤስፒ ዶት ኔት ላይ ያለው የፍላሽ አምሳያ ቴምፕዳታ የሚጠፋው ሲነበብ ነው፤ ሳያጠፉ ለማየት «ፒክ» የሚባል አለ። ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ላይ ደግሞ ካልቀየራችሁት በስተቀር ቴምፕዳታ የሚቀመጠው ኩኪ ውስጥ ነው። ኢንክሪፕት ይደረጋል፤ ቢሆንም አንድ ኩኪ የሚችለው 4 ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ ትልቅ ነገር አታስገቡበት። ፍላስክ ከሁሉም ይለያል። ሴሽኑ ኩኪ ውስጥ ነው፣ ይፈረማል፣ ኢንክሪፕት ግን አይደረግም። ተጠቃሚው ሊቀይረው አይችልም፤ ሊያነበው ግን ይችላል። ፍላስክ ሴሽን ውስጥ የይለፍ ኮድ ወይም የውስጥ ማስታወሻ ያስቀመጠ ሰው ለተጠቃሚው አሳይቶታል ማለት ነው።

ሴሽንም ቢሆን ብቻውን አልበቃንም። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ልታስመዘግብ ሁለት ታብ ከፈተች። በአንዱ ታብ የመጀመሪያውን ልጅ፣ በሌላው ሁለተኛውን ሞላች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ታብ ተመልሳ «ክፈል» የሚለውን ስትጫን የሁለተኛው ልጅ ክፍያ መጣ። ሴሽን ለሁሉም ታብ አንድ ነው። «የምዝገባ ቁጥር» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ ካለው ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። እዚህ ላይ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው የለም፤ ገንዘቡ ግን ለተሳሳተ ልጅ ሊከፈል ነበር።

በመጨረሻ የተጠቀምነው መንገድ ይህ ነው። የምዝገባው አክሽን ፎርሙን እንደተቀበለ ዳታቤዝ ላይ አንድ ረድፍ ይፈጥራል። ረድፉ ባለቤት አለው፣ ሁኔታ አለው፣ የሚያበቃበት ሰዓት አለው። ዋጋውን ሰርቨሩ ከኮርሱ ሠንጠረዥ አስልቶ እዚያው ይጽፈዋል። ወደ ብራውዘሩ የምትወጣው አንዲት በዘፈቀደ የተፈጠረች መለያ ብቻ ናት፤ እኛ ዩዩአይዲ ተጠቀምን። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳችሁን አስረክባችሁ የምትቀበሏትን ባለቁጥር ካርድ አስቡ። ካርዷ ኪሳችሁ ውስጥ ናት፣ ቦርሳው ግን ውስጥ ነው። ካርዷ ላይ ብትጽፉባት ቦርሳው ውስጥ ያለው አይለወጥም።

መለያዋ ለመገመት ማስቸገሯ ግን ፈቃድ አይደለም። ዩዩአይዲ ስለሆነ ማንም አያገኘውም ብለው ባለቤቱን ሳያጣሩ የሚተዉ ብዙ ናቸው። አድራሻ ይጋራል፣ ሎግ ላይ ይጻፋል፣ ስክሪንሾት ይነሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ አክሽን ሲነሳ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የማን ነው? በምን ሁኔታ ላይ ነው? ጊዜው አልፏል ወይ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ኩዌሪው ውስጥ አስገቡት። «ምዝገባውን በመለያው ፈልግ» ከማለት «ከዚህ ተጠቃሚ ምዝገባዎች ውስጥ ይህን መለያ ፈልግ» በሉ። ያኔ የሌላ ሰው ከሆነ 404 (አልተገኘም) ይመጣል፤ አጣሪ መስመር መጻፍ የረሳ ዴቬሎፐር ቢኖርም ቀዳዳ አይፈጠርም። ሁኔታውም እንዲሁ ነው። ረቂቅ ያልሆነ ምዝገባ አይስተካከልም፤ የተከፈለበት ዳግም ወደ ክፍያ አይሄድም።

ክፍያ ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ተጠቃሚው ከእኛ ሲስተም ወጥቶ ሄዶ ይመለሳልና። የክፍያ አገልግሎቱን ቻፓን ለሚያገናኙ ሰዎች የምለው አለ። ክፍያውን ስትጀምሩ የራሳችሁን የግብይት መለያ ትሰጣላችሁ። ተጠቃሚው ከፍሎ ሲጨርስ ወደ ሰጣችሁት የመመለሻ አድራሻ ይላካል። ወደዚያ ገጽ መድረሱ ግን መክፈሉን አያረጋግጥም። አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በእጁ ሊጽፈው ይችላል። ክፍያው መፈጸሙን የምታውቁት ከራሳችሁ ሰርቨር ሆናችሁ በግብይት መለያው የቻፓን ማረጋገጫ ኤፒአይ ስትጠይቁ ነው። መልሱ ሲመጣም «ተሳክቷል» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። መጠኑንና የገንዘቡን ዓይነት ዳታቤዛችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። 45 ብር የተሳካ ክፍያም «ተሳክቷል» ነው የሚለው።

ከውጭ ሲመለስ ሴሽን ላይ መደገፍም አያዋጣም። በዛሬው ላራቬል የሴሽን ኩኪው ሴምሳይት እሴት፣ ማለትም ከሌላ ሳይት ሲመጡ ኩኪው ይላክ አይላክ የሚወስነው ቅንብር፣ ላክስ ነው። ከሌላ ሳይት በተራ ሊንክ ወይም ሪዳይሬክት ሲመለሱ ኩኪው አብሮ ይመጣል። በፖስት ፎርም ሲመለሱ ግን አይመጣም፤ ሰውየው ያልገባ መስሎ ይታያል፣ ሴሽን ውስጥ ያለው ሁሉ የጠፋ ይመስላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኩኪውን ከየትም ሲመጡ እንዲላክ ወደሚያደርገው «ነን» ይለውጠውና ሌላ በር ይከፍታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር በቀጥታ የሚልከው ዌብሁክ ደግሞ ጭራሽ ሴሽን የለውም። ዳታቤዙ ላይ ያለው ረድፍ ግን በሁሉም በኩል ይገኛል።

ዌብሁክ ሁለቴ ሊመጣ ይችላል። ከመመለሻ ገጹ ጋር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሊጋጭም ይችላል። ስለዚህ ረድፉን የዳታቤዝ ትራንዛክሽን ውስጥ ቆልፋችሁ አንብቡ፤ ላራቬል ላይ «ሎክ ፎር አፕዴት» አለ። ሁኔታው «ክፍያ የሚጠበቅ» ከሆነ ብቻ ወደ «ተከፍሏል» ቀይሩ። ዌብሁኩ ፊርማ ካለው ፊርማውን አጣሩ፤ ስታወዳድሩም በእኩል ምልክት ሳይሆን በፒኤችፒው «ሀሽ ኢኳልስ» ይሁን።

አንዳንዴ ግን ሎግኢን የለም። ተመዝጋቢው ምዝገባውን በኢሜይል በሚላክለት ሊንክ ያረጋግጣል እንበል። እዚህ ላይ የተፈረመ ሊንክ ይጠቅማል። ላራቬል ጊዜ የተገደበለት የተፈረመ ሊንክ ያዘጋጅላችኋል፤ አንድ ፊደል ቢነካ ወይም ጊዜው ቢያልፍ 403 (አይፈቀድም) ይመልሳል። ፊርማው የሚሠራው በአፑ ምስጢራዊ ቁልፍ፣ በአፕ ኪይ ነው። ፊርማ መቀየርን ይከለክላል፣ ማንበብን አይከለክልም። ስለዚህ ሊንኩ ውስጥ የሚገባው አሁንም መለያዋ ብቻ ትሁን። ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ መጠቀምንም አይከለክልም፤ አንዴ ብቻ የሚሠራ ከፈለጋችሁ «ተጠቅሟል» የሚለውን ራሳችሁ ዳታቤዝ ላይ መዝግቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት የበሉብኝ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፕሮክሲ ነው። ከፊት ኤንጂንኤክስ ወይም ክላውድፍሌር ኤችቲቲፒኤስ ተቀብሎ ለአፑ በኤችቲቲፒ ሲያስተላልፍ፣ አፑ የሚያየው አድራሻና የተፈረመው አድራሻ ይለያያሉ። ትክክለኛው ሊንክ ሁሉ 403 ይላል። መፍትሔው የምታምኑትን ፕሮክሲ በላራቬል የትረስት ፕሮክሲስ ቅንብር ውስጥ ማስገባት ነው፤ ፊርማውን ማጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ሰው ሊንኩን ለራሱም ሆነ ለቤተሰቡ በቴሌግራም ይልካል። ቴሌግራም ደግሞ ቅድመ እይታ ለማሳየት ሊንኩን በራሱ ሰርቨር ይከፍተዋል። አንዴ ብቻ የሚሠራ ሊንክ ከሆነ ቦቱ ይጨርሰዋል፤ ባለቤቱ ሲመጣ «ሊንኩ ጥቅም ላይ ውሏል» ይባላል። ስለዚህ ሊንኩ ሲከፈት አንድ ቁልፍ ያለው ገጽ ብቻ ይታይ። ሥራው የሚፈጸመው ሰውዬው ቁልፉን ሲጫንና ፖስት ሲመጣ ይሁን።

እስካሁን ያወራነው በሁለት ሪኩዌስቶች መሃል ስላለው ነው። በአንድ ሪኩዌስት ውስጥም ዳታ ይተላለፋል፤ ለምሳሌ ከሚድልዌር (ሪኩዌስቱ አክሽኑ ጋር ሳይደርስ ከሚያልፍበት ኮድ) ወደ ኮንትሮለር (አክሽኖቹን ወደያዘው ክላስ)። በዚያው በተረከብኩት ኮድ ውስጥ አንድ ሚድልዌር የተጠቃሚውን ቅርንጫፍ ቁጥር እየፈለገ «መርጅ» በሚለው ትእዛዝ ሪኩዌስቱ ውስጥ ይጨምረው ነበር። ኮንትሮለሩም እንደ ማንኛውም ፎርም ፊልድ ያነበዋል። ሚድልዌሩ ባለበት ሁሉ ይሠራል። አንድ ቀን ሰው አዲስ ራውት (አድራሻን ከአክሽን የሚያገናኝ መስመር) ጨምሮ ሚድልዌሩን ቢረሳስ? ኮንትሮለሩ ምንም አይሰማውም። ተጠቃሚው ፎርሙ ላይ የጻፈውን ቅርንጫፍ ቁጥር የእኛ መስሎት ይቀበላል። የውስጥ ዳታና የተጠቃሚ ዳታ በአንድ ከረጢት ስለገቡ ማንነታቸው አይለይም።

ሪኩዌስት ኦብጀክቱ ላይ አትሪቢዩትስ የሚባል ሌላ ቦታ አለ። የፎርሙም የአድራሻው ፓራሜትርም እዚያ አይገባም፤ እናንተ የምታስቀምጡትን ይይዛል። የውስጥ ዳታችሁን እዚያ አስቀምጡ። ሚድልዌሩ ከተረሳ ባዶ ይሆናል፣ ኮዱ ወዲያው ይጮሃል። የሚጮህ ስህተት ይሻላል።

የተጠቃሚን ግብአት እንዳለ ሞዴል (የዳታቤዝ ረድፉን የሚወክለው ክላስ) ውስጥ መጨመርም የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ኢጎር ሆማኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ዴቬሎፐር የኮድ ማስቀመጫው ጊትሀብ ላይ ይህንኑ አሳይቷል። ፎርም ላይ የሌለ ፊልድ ጨምሮ ልኮ የራሱን ቁልፍ ከሬይልስ ፕሮጀክት ጋር አያያዘ፣ ከዚያም የማይፈቀድለትን ኮሚት (የኮድ ለውጥ) አስገባ። በላራቬል «ኦል» ብላችሁ የመጣውን ሁሉ ከምትወስዱ በቫሊዴሽን ያለፉትን ፊልዶች ብቻ ውሰዱ። ዋጋ፣ ሁኔታና ባለቤት ደግሞ በጅምላ መሞላት የተፈቀደላቸውን ፊልዶች በሚይዘው ፊለብል ዝርዝር ውስጥ አይግቡ።

አንድ አክሽን ሌላውን አክሽን በቀጥታ እንዲጠራ የሚያደርጉም አሉ፤ የውሸት ሪኩዌስት ሠርተው ያቀብሉታል። ይህ ሲያምራችሁ የጋራውን ሥራ አውጥታችሁ ሰርቪስ ክላስ ውስጥ አድርጉት፤ ሁለቱም አክሽኖች እሱን ይጥሩ። እሴቶቹ በተራ ፓራሜትር ይተላለፋሉ፣ ብራውዘርም ኤችቲቲፒም መሃል አይገቡም።

ሲስተማችሁን ዛሬ መፈተሽ ለምትፈልጉ፣ ፕሮጀክቱ ውስጥ ሪዳይሬክት የሚለውን ሁሉ ፈልጉና ምን ይዞ እንደሚሄድ ተመልከቱ። ከመለያ ውጭ የሆነ ነገር ካገኛችሁ አቁማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ብሌድ (የላራቬል የገጽ ቴምፕሌት) ፋይሎቹ ውስጥ ሂደን ፊልዶችን ፈልጉ። ቴስት ስትጽፉም የሌላ ተጠቃሚ መለያ ሲከፈት፣ ያለቀ ምዝገባ ሲደገም፣ ያልተጠበቀ ዋጋ ሲላክ ምን እንደሚሆን ጻፉ። እነዚህን ቴስቶች የጻፈችው ያችው ባልደረባዬ ናት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ኮዱን ሲነካ እኔ ከማየቴ በፊት ቴስቱ ያስቆመዋል።

አፕ ኪይንም አደራ። ጊት ላይ የወጣ ዶት ኢኤንቪ (ቁልፉን የያዘው የቅንብር) ፋይል ካለ ፊርማውም ኢንክሪፕሽኑም ዋጋ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመዘገበው ሲቪኢ-2018-15133 የተባለው የደህንነት ቀዳዳ በዚያ ዘመን በነበሩ የላራቬል ቨርዥኖች ላይ አፕ ኪይ በእጁ የገባ ሰው ሰርቨሩ ላይ የራሱን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያስችል ነበር። ቁልፉ ከወጣ ለውጡት። ላራቬል 11 ላይ የድሮውን ቁልፍ ለጊዜው ይዞ የሚቆይ ቅንብር ስላለ ተጠቃሚዎችን ሁሉ ማስወጣት አይጠበቅባችሁም። ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን የድሮውን ጭራሽ አስወግዱ፤ ሰው ዳግም ሎግኢን ቢያደርግ ይሻላል።

ኮዱ ከተስተካከለ በኋላ እኛ ዘንድ የቀረው የሎጉ ጉዳይ ነበር። የድሮዎቹ አክሰስ ሎጎች አሁንም የሰው ስልክ ይዘዋል፤ ባክአፕ ውስጥም ተገልብጠዋል። ተቋሙን አስፈቅደን ከሰርቨሩም ከባክአፑም አጠፋናቸው። ኤንጂንኤክሱም ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን እንዳይጽፍ የሎግ ፎርማቱን ቀየርን። እዚህ ደረጃ ስትደርሱ ሦስተኛ ወገን የሎግ መሰብሰቢያ ካላችሁ እሱን ማየት አትርሱ፤ ኮፒው እዚያም ይኖራል።